ስም ያለውን መሰየም

አንባቢ ሆይ፥ ስም መስጠት ሁሉ በደል አይደለም። በ1840 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው መርከበኛ ዱሞን ዱርቪል በደቡብ ዋልታ አጠገብ በበረዶ የተከደነ የባሕር ዳርቻ አይቶ በሚስቱ በአዴል ስም «የአዴሊ ምድር» አለው። በዚያ የሚኖር ሰው አልነበረምና ስሙን የተቀማ የለም። ይህን አልነቅፍም።

ዳሩ ግን ይኸው ልማድ ሰው ወዳለበት አገር ሲመጣ ነውር ይሆናል። በ1888 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው ቪቶርዮ ቦቴጎ ከወላይታችን ግርጌ ወደተኛው ወደ አባያ ሐይቅ ደረሰ፤ በአገሩ ንግሥትም ስም «ማርጋሪታ» ብሎ ሰየመው። ያ ዓመት የንግሥቲቱ ባል የንጉሥ ኡምቤርቶ ጦር በአድዋ ድል የተመታበት ዓመት ነው። በጦር ያልተያዘው አገር በካርታ ተያዘ ማለት ነው። የጋሞና የወላይታ ሰው የሚያውቀው፥ የጊዲቾ ደሴት ሰው በታንኳ የሚቀዝፍበት ውሃ «ተገኘ» ሲባል፥ ለመሆኑ ማን ጥሎት ነበር?

«ስም ምን ያደርጋል? ውሃው ያው ውሃ ነው» የሚሉኝ አሉ። ስም ምንም የማያደርግ ከሆነ ቦቴጎ ስለ ምን ደከመ? በኦስትሪያ ልዑል ስም ሩዶልፍ ይባል የነበረውን ሐይቅስ ኬንያ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ምን ቱርካና አለችው?

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከካርታው ላይ «ማርጋሪታ» ብለን እናነብ ነበር፤ በቤታችን ግን አባያ ነው። እንዲህ ያደገ ልጅ የመጽሐፉን ስም እውነተኛ፥ የእናቱን ስም ግን የመሃይም ወሬ አድርጎ ይቈጥራል። ትልቁ ጉዳት ይህ ነው።

ነገር ግን በባዕድ ላይ ብቻ አንፍረድ። አዳማን ናዝሬት፥ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት ያሰኘ የውጭ አገር ሰው አይደለም። ባለቤቱን ሳይጠይቅ የሚሰይም ሁሉ፥ ቋንቋው የእኛም ቢሆን፥ የቦቴጎ ደቀ መዝሙር ነው።

ስለዚህ እናንተ ወጣት መምህራን፥ በዱቦና በአረካ ዙሪያ ያለው ምንጭ፥ ጅረትና ኮረብታ ሁሉ በምን ስም እንደሚጠራ ተማሪዎቻችሁ ሽማግሌዎችን ይጠይቁና ይጻፉ። ሽማግሌዎቹ እየሞቱብን ነው። ነገ ካርታ የሚሠራ ሰው ቢመጣ፥ ስሙ ተጽፎ ይጠብቀው።