ሼድ ፋብሪካ አይደለም

ደባርቅ ላይ ውኃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ፣ ገና በ90 እና በ91 መካከል ይፈላል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጄኔሬተር እዚያ ሲወጣ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ኮምፕረሰሩም ቆላ ላይ የሚሰጠውን ያህል አየር አይሰጥም፤ በክፍት ጋን የሚበስለው ሁሉ ይዘገያል። የደባርቅ እናቶች ባቄላ ሲቀቅሉ ይህን ያውቁታል። የምግብ ማቀነባበሪያ ጨረታ ከሚያወጡ ቢሮዎች ግን ይህን ነገር በሰነዱ ላይ ያሰፈረ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰነዱ ስለ ኮንክሪቱ ጥራት ገጽ በገጽ ያትታል፣ ስለሚቀቀለው ድንች ዝም ይላል።

የለመድነው አካሄድ ይታወቃል። አማካሪ ሕንፃ ይነድፋል፣ ጨረታ ይወጣል፣ አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው ተቋራጭ ያሸንፋል፣ ሼዱ ይቆማል፣ ሪባን ይቆረጣል። ማሽኑ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ማን ይሸጠዋል? ስንት ይመዝናል? እንፋሎቱን ከየት ያገኛል? ፍሳሹስ ወዴት ይሄዳል? እነዚህ ጥያቄዎች ሲነሡ ወለሉ ደርቋል።

እኔ የሠራሁበት አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ሳይት ነበር። ወለሉ እንደ መጋዘን ወለል ደልዳላ ሆኖ ተለስኖ ነበር፤ ውኃ ወደ ፍሳሽ የሚወርድበት ተዳፋት አልነበረውም። ወተት ሲፈስና ሲጎመዝዝ የሚፈጥረው አሲድ ተራ ሲሚንቶን ይበላል፤ ለዚህ የሚሆን ልባስ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ አልተያዘም። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ጥግ ብሩሽና መጥረጊያ የማይደርስበት ስለታም ጥግ ነበር፤ ባክቴሪያ የሚወደው ቦታ ማለት ነው። ጥሬ ወተት የሚገባበት በርና የታሸገው የሚወጣበት በር አንድ ነበር። ማሽኑ ሲደርስ በዚያ በር አልገባም፤ ግድግዳ ፈረሰ። የፈረሰው ሁሉ በለውጥ ሥራ ትእዛዝ ተከፈለ፤ በርካሽ ያሸነፈው ዋጋም ርካሽ መሆኑ ቀረ። ተቋራጩን አልወቅስም፤ የተሰጠውን ሥዕል ሠርቷል። አማካሪውም ሕንፃ ንደፍ ተባለ እንጂ ወተት አቀነባብር አልተባለም። ተጠያቂ የለም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው፤ አካሄዱ ራሱ ተጠያቂ እንዳይኖር አድርጎ የተሠራ ነው።

ከወለሉም የከፋው ጾሙ ነበር። ላም በሁዳዴ መታለቧን አታቆምም፤ ገዢው ግን 55 ቀን ሙሉ ይጠፋል። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም ሲጨመሩ የጎንደር ወተት ገበያ ከሌላው ዓለም ገበያ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ስለዚህ እዚህ አገር የወተት ፋብሪካ ሲታሰብ ወተቱ ወደ ቅቤና ወደ አይብ የሚዞርበት መስመር፣ የሚያቆይ ቀዝቃዛ ክፍል ከመጀመሪያው ቀን በሥዕሉ ላይ መኖር አለበት። የዚያ ሳይት ሥዕል ላይ የስብሰባ አዳራሽ ነበረ፤ ቀዝቃዛው ክፍል አልነበረም።

ሕንፃ በማሽኑ ዙሪያ እንደሚሠራ ጎንደር አታውቅም እንዳይባል፣ ዳሸን ቢራ እዚሁ አለ፤ የደጋውን ገብስ የሚቀበል የብቅል ፋብሪካም እዚሁ አለ። ቢራ የሚጠምቅ ኩባንያ አዳራሽ ገንብቶ ሲያበቃ የመጥመቂያ ጋን ፍለጋ አይወጣም። ከጋኑ፣ ከውኃው፣ ከእንፋሎቱ ይጀምርና ሕንፃውን በእነሱ ዙሪያ ያቆማል። ለቢራ የምናውቀውን ለደባርቅ ድንች፣ ለዳባት ባቄላ፣ ለፎገራ ላም ወተት ለምን እንከለክላለን? የአርሶ አደሩ ምርት ሲሆን ነው ሼድ የሚበቃው?

አንድ ኃላፊ ይህን ጥያቄ ሳነሣ «ኦዲት አለብን» አለኝ። ሥዕል፣ ከዚያ ጨረታ፣ ከዚያ ግንባታ ብሎ የሄደ ሰው ኦዲተር ፊት አይጨነቅም፤ ዝቅተኛ ዋጋ ከወረቀቱ ላይ ይታያል፣ የቆመ ፋብሪካ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አይታይም። ሕጉን መደበቂያ ማድረግ ግን አይቻልም። የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ 649/2001 ሁለት ደረጃ ያለውን ጨረታ በግልጽ ፈቅዶ ነበር። መጀመሪያ ቴክኒኩን አቅርቡ፣ እንነጋገርበት፣ ከዚያ ዋጋ ትሰጣላችሁ የሚል መንገድ ነው። ለፋብሪካ የተፈጠረ መንገድ ይመስላል፤ ስንት መሥሪያ ቤት ሞከረው? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ 1076ም ሌላ በር ነው። በሩ ተከፍቶ ሳለ የሚገባ አላየሁም።

አሁን የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ሁሉንም ለአንድ ወገን ስጡ ትላለህ፤ ጣና በለስን ረሳኸው?» አልረሳሁትም። ጃዊ ወረዳ ላይ የሆነውን መርሳት በደል ነው። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካዎችን ያለ ውድድር ወሰደ፤ ዲዛይኑም፣ ማሽኑም፣ ተከላውም የእሱ ሆነ። ክፍያው ከሥራው ቀድሞ ሮጠ። አገዳው ደረሰ፣ ፋብሪካው አልደረሰም፤ አገዳው ዕድሜው አልፎ ተወገደ። በመጨረሻ ውሉ ተነጥቆ ለቻይና ኩባንያ ተሰጠ። የአማራ ክልል ገበሬ ለልማት ብሎ መሬቱን ለቅቆ ያንን አየ።

ነገር ግን በለስ ላይ የወደቀው ዲዛይንና ግንባታን በአንድ ውል መስጠት አይደለም። የወደቀው ውድድር ነው፤ አልነበረምና። አሠሪውን ወክሎ፣ ለአሠሪው ብቻ ታምኖ፣ ብረቱንና ቦይለሩን የሚመረምር ገለልተኛ መሐንዲስ የሚገባውን ሥልጣን አላገኘም። ክፍያው ከሚወጣው ስኳር ጋር አልታሰረም። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት የትኛውም ዓይነት ውል ያዘርፋል።

እኔ የምለው ይህ ነው። ለምግብ ፋብሪካ ዲዛይኑ፣ ማሽኑና ሕንፃው በአንድ ውል፣ በአንድ ተጠያቂ ወገን ይሠሩ፤ ያ ወገን ግን በሁለት ደረጃ ጨረታ ተወዳድሮ ይምጣ። አሠሪው ከመነሻው የራሱን መሐንዲሶች ይቅጠር፤ ከእነዚያም አንዱ የምግብ መሐንዲስ ይሁን። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኬሚካልና ምግብ ምህንድስና ፋኩልቲ ልጆቹን የሚያስመርቅልን ለዚህ አይደለም? ግንባታውን ለመሥራት የጎንደር ተቋራጮች ከማሽን አቅራቢው ጋር በሽርክና ይግቡ፤ ተመልካች ሆነው የሚቀሩበት ምክንያት የለም።

የዋጋውንም ነገር አንሸፋፍነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከመቶ አለፈ። ማሽንን በብር ቁርጥ ዋጋ አስፈርሞ የተቀመጠ ወረዳ ተቋራጩን ከሳይት አባረረ ማለት ነው። የማሽኑ ክፍል በውጭ ምንዛሪ፣ የግንባታው ክፍል በብር ሆኖ ከዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ጋር ለየብቻ ይጻፍ።

ስለ ውኃም ደጋግሜ እጮኻለሁ። አንድ ሊትር ወተት ለማቀነባበር ከአንድ ሊትር በላይ ውኃ ይጠፋል፤ ማጠቡ ብቻ ብዙ ይጠጣል። የጎንደር ሰው ውኃ በፈረቃ ይጠብቃል፤ የመገጭ ግድብ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓትቷል። የራሱን ጉድጓድና የራሱን ፍሳሽ ማጣሪያ በውሉ ውስጥ ያላካተተ የማቀነባበሪያ ፕሮጀክት አዘዞ ላይ ቢቆም የሚሻማው ከነዋሪው ጀሪካን ጋር ነው። አንገረብ ዳር ቢቆም ደግሞ ፍሳሹን ወንዙ ውስጥ ይደፋል። ይህን የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ማስገደድ ይችላል፤ ማስገደድም አለበት።

ለዞኑና ለከተማው ኃላፊዎች የምጠይቀው ስለሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ነው። የሚቀነባበረው ምርት ዓይነቱ፣ በየወሩ ስንት ኩንታል እንደሚገባ፣ የቦታው ከፍታና የውኃው ምንጭ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ። ርክክቡ ሕንፃው ሲያልቅ አይሁን፤ ፋብሪካው የደጋውን ምርት ይዞ አንድ ሙሉ የምርት ወቅት ሲሠራ ይሁን። ከጠቅላላው ክፍያ አሥር በመቶው ፋብሪካው ይህን የአንድ ወቅት ፈተና እስኪያልፍ ይያዝ፤ ድንቹን የሚመዝነው፣ ውጤቱ ላይም የሚፈርመው ደግሞ ከዳባትና ከደባርቅ የሚወከል የገበሬ ማኅበር ይሁን። «ይህ ይከብዳል» የሚል ተጫራች ካለ በዚያው ከጨረታው ይውጣ።