መምረጥ ማስተማር አይደለም

በ2015 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ውጤት በተነገረ ቁጥር ግን የኦሮሚያ ልማት ማኅበር በአዳማ እንደሚያስተዳድረው ያሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ደምቀው ይታያሉ። «እንግዲያውስ እነዚህን እናብዛ» የሚለው ድምፅም ይከተላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚቀበሉት በ8ኛ ክፍል ውጤትና በመግቢያ ፈተና አበጥረው ነው። ከየወረዳው አንደኛና ሁለተኛ የወጣውን ሰብስቦ «አሳለፍኩ» ማለት፣ ሌላው ተክሎና ኮትኩቶ ያደረሰውን ቀይ እሸት ቡና ለቅሞ «ያፈራሁት እኔ ነኝ» እንደ ማለት ነው። መምረጥ ሌላ፣ ማስተማር ሌላ።

ለመሆኑ የሚመረጠው ማን ነው? በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ አካባቢ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል። በዚያ ወቅት የድኻ ገበሬ ልጅ ቅርጫት ይዞ ከቡናው ሥር ነው፤ በጅማ ከተማ የግል ትምህርት ቤት የሚማረውና ማታ አስጠኚ የሚመጣለት ልጅ ግን አንድ ቀን አይቀርም። ሁለቱን በአንድ ፈተና መዝኖ አንዱን «ባለተሰጥኦ» ማለት፣ የወላጅን ኪስ የልጅ አእምሮ ብሎ መጥራት ነው።

«ታዲያ ጎበዙ ልጅ ሰማንያ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይባክን ወይ?» ለሚሉኝ፣ አይባክን እላለሁ። ነገር ግን የቆየ ልምድ አለን። በንጉሡ ዘመን ጄኔራል ዊንጌትና በዕደ ማርያም ከየጠቅላይ ግዛቱ ብርቱ ተማሪዎችን እየተቀበሉ አዲስ አበባ ላይ አስተምረዋል፤ ስመ ጥር ሰዎችም ወጥተውባቸዋል። ልጆቹን የሰጠው የጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤት ግን በምትኩ ምን አገኘ?

መልሱን ከደጃችን እንማር። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ አዝመራውን ማጥፋት ሲጀምር፣ ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል በታመመው ቡና መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን መረጠ። ገበሬው ዛሬም በቁጥሩ የሚጠራው 74110 ከእነዚያ አንዱ ነው። የተመረጠው ግን በማዕከሉ አጥር ውስጥ አልቀረም፤ ዘሩ ተባዝቶ ወደ ገበሬው ማሳ ተመለሰ። መምረጥ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ልዩ ትምህርት ቤቶች ልጅ በወሰዱበት ወረዳ መምህራንን ያሠልጥኑ፤ ቤተ ሙከራቸውን በክረምት ለሌሎች ይክፈቱ፤ ውጤታቸውም ልጆቹ ሲገቡ ከነበራቸው ነጥብ ጋር ተነጻጽሮ ይነገረን። በቡና አገር የትምህርት ካላንደሩ ለቀማውን ይወቅ። ይህ እስኪሆን ድረስ ለአዲስ አዳሪ ትምህርት ቤት ሪባን ሲቆረጥ አላጨበጭብም። ተመርጦ የሄደው አንዱ ብቻ ሳይሆን፣ ጌራ የቀሩት ሰባ ዘጠኙም ልጆቻችን ናቸውና።

ቸር ይግጠመን።