ከማን አፍ ተሰማ?

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቀረብ ብሎ፣ «መምህር፣ ይህን ለወጣቶች ጉባኤ ላነበው ነው» ሲል ከስልኩ የገለበጠውን ወረቀት ሰጠኝ። ቢትልስ ከተባሉት የእንግሊዝ ዘፋኞች አንዱ የነበረው ጆን ሌነን «ከክርስቶስ እበልጣለሁ» ብሎ ለጋዜጣ ተናግሯል ይላል። ቀን የለው፤ የጋዜጣው ስም የለው፤ የጠያቂውም የለው። ንባቡ ጊታር በሚመታ አንድ ጓደኛው ላይ ያነጣጠረ መሆኑን ግን አላጣሁትም።

«ከማን ሰማኸው?» ብለው «ሁሉም ያወራዋል» አለኝ።

«ሁሉምስ ከማን ሰማው?»

ስምና ቀን የሌለውን ሁሉ እየተውን ተያይዘን ፍለጋ ገባን። በመጀመሪያ የደረስነው ዴትቡክ ከተባለው የአሜሪካ የወጣቶች መጽሔት ነው፤ ይኸውም በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በጁላይ መጨረሻ የወጣው ነው። ልጁ «አገኘነው!» ብሎ ሊነሣ ነበር። ነገር ግን መጽሔቱ ራሱ ቀጂ ነው፤ ከንግግሩም አንዱን ቍራጭ ነቅሎ በሽፋኑ ላይ አውጥቶታል። ምንጩ በዚያው ዓመት ማርች 4 ቀን የወጣው የለንደኑ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ሲሆን፣ ጸሓፊዋ ሞሪን ክሊቭ የምትባል ሴት ናት። ቤቱ ድረስ ሄዳ አኗኗሩን ጻፈች፤ ስለ ሃይማኖት ብዙ መጻሕፍት ያነብ እንደ ነበርም ጠቅሳለች። ሰውዬውም ክርስትና እየመነመነ እንደሚጠፋ፣ እነርሱም በዚያን ጊዜ ከኢየሱስ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ ዝነኞች እንደ ሆኑ ተናገረ። «ዝነኛ» እንጂ «የሚበልጥ» አላለም፤ ይህን የጨመረው አንዱ ተርጓሚ ነው። የቀረው ድፍረት ግን በምንጩም አለ፤ አልደብቀውም።

በእንግሊዝ አገር ያን ጊዜ የረባ ሁከት አልተነሣም። ከአምስት ወር በኋላ ግን በአሜሪካ፣ በአላባማ በርሚንግሃም የሚገኙ የራዲዮ ሰዎች ዘፈኖቹን ከለከሉ፤ በሌሎችም ከተሞች ሸክላዎች ተቃጠሉ። ኦገስት 11 ቀን ሌነን በቺካጎ በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ራሱን ከኢየሱስ ጋር ለማወዳደር እንዳልተናገረ ገልጦ ይቅርታ ጠየቀ።

«እንግዲያው አላንብበው?» አለኝ ልጁ፤ ፊቱ ጠቁሮ።

«አንብበው እንጂ፤ ግን ከነጋዜጣው፣ ከነቀኑ፣ ከነይቅርታው።»

ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ትናንት ማታ ለሠላሳ ሰው ልኬዋለሁ፤ ለእርሱም ጭምር» አለ። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጦ መጀመሪያ ለጓደኛው ይጽፍ ጀመር።