በሠርግ ፎቶግራፍ ጠርዝ ላይ የቆሙትስ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን የልጃቸውን የሠርግ አልበም ይዘው ቤታችን መጡ። ቡናው እስኪፈላ ገጾቹን አንድ በአንድ ስንገልጥ ቆየንና ከቤተ ዘመዱ የጋራ ፎቶግራፍ ላይ ስንደርስ እጃቸው ቆመ። ሙሽሮቹ በመካከል ፈክተው ይታያሉ። በስተግራ ጠርዝ የቆሙት የሙሽራይቱ አክስት ግን ፊታቸው በጥላ ተውጧል፤ ነጭ ነጠላቸውም ዐመድ መስሏል። ሙሽራይቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እኚሁ አክስት ሠርጉ ካለፈ በሦስተኛው ወር ዐርፈዋል። «ያን ዕለት የተነሡት ይኸው አንድ ብቻ ነው» አሉ ጎረቤታችን።

ይህ የሆነው በብርሃን እጥረት አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺዎች «ቪኜት» የሚሉት፣ ማዕዘኖቹን አጨልሞ ዓይንን ወደ መካከል የሚስበው ዘዴ ያለ ልክ ስለተጨመረበት ነው።

ዘዴው የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ትንሽ የወይን ሐረግ» ማለት ሲሆን፣ በመጻሕፍት ገጽ ላይ ይሳል ከነበረው የሐረግ ጌጥ የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሰውን ፊት ከመካከል አድርገው ዙሪያውን ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ያደበዝዙ ነበር። በጨለማ ክፍል የሚያጥበው ባለሙያም መካከሉ የተቀደደ ካርቶን በማጉያው ሌንስና በወረቀቱ መካከል ይዞ እያወዛወዘ ጠርዙን ነጭ ያስቀረዋል፤ ጥቁር ጠርዝ ሲፈልግ ደግሞ መካከሉን ከልሎ ለዳር ዳሩ ተጨማሪ ብርሃን ይሰጠዋል። ዛሬ ያ ሁሉ ድካም በኮምፒዩተር የአንድ ጣት ሥራ ሆኗል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ለአንድ ፎቶግራፍ ያማረው ልክ ለመላው አልበም ባንድ ጊዜ ይታዘዛል።

ቪኜት በራሱ ጥፋት የለበትም። ሙሽራይቱ ለብቻዋ ስትነሣ ከኋላዋ ያለው የአዳራሽ ወንበርና የመኪና መስታወት ዓይን ሲሻማ፣ ለስለስ ያለ ጥላ ፊቷን ያጎላዋል። ጥሩ ጥላ ግን ተመልካቹ መኖሩን የማያውቀው ነው። «ጠርዙ ጠቁሯል» ብሎ ሰው ከተናገረ ልኩ አልፏል ማለት ነው።

ስለዚህ ልጃችሁን ለመዳር የምትዘጋጁ እናቶችና እናንተም ሙሽሮች፣ የሚከተለውን ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አንደኛ፣ ሰው እስከ ዳር በቆመባቸው የቤተ ዘመድና የሚዜዎች ፎቶግራፎች ላይ የጠርዝ ጥላ አይጨመር። በጠይም ፊት ላይ ጥላ ሲደረብ ዓይንና አፍ ቶሎ ይጠፋሉ።

ሁለተኛ፣ ቬሎው ወይም የሐበሻ ቀሚሱ ጥለት እስከ ፎቶግራፉ ጫፍ ከተዘረጋ ጥንቃቄ ይደረግ። የጠቆረ ነጭ ልብስ ያልታጠበ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ በኮምፒዩተር መስኮት ያማረውን አይታችሁ አትፍረዱ። መስኮቱ ከውስጥ ይበራል፤ ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን ስለሌለው ጥላው ይበልጥ ይከብዳል። አልበሙ ከመታተሙ በፊት ሁለት ሦስት ፎቶግራፍ ለሙከራ ይታተምላችሁ።

አራተኛና ዋናው፣ ያልተነካካውን የመጀመሪያ ፋይል ጠይቃችሁ ተረከቡ፤ በሁለት ቦታም አስቀምጡት። ጥላው ተጨምሮበት የተቀመጠውን ቅጂ እንደገና ላብራው ቢሉት የጠፋው መልክ በሙሉ አይመለስም።

ጎረቤታችንም ይህንኑ ሰምተው ወደ አንሺው ሄዱ። ደግነቱ የመጀመሪያው ፋይል አልተጣለም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ያለ ጥላ የታተመውን አምጥተው አሳዩን፤ አክስትዬው በነጭ ነጠላቸው ውስጥ ሆነው ካሜራውን ሳይሆን ሙሽራይቱን እያዩ ፈገግ ብለዋል። ሠርግ የሁለት ሰዎች ብቻ አይደለምና አልበሙም ዳር የቆሙትን ያስታውስ።