ደብዳቤ በሰው ጎተራ

የጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ ያለበት አደባባይ ዛሬ በማህሙድ ሃርቢ ስም ይጠራል። ቀድሞ የሚታወቀው ግን በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም ነበር። ራምቦ ከሐረርና ከየመኗ ኤደን ለቤተ ሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬ የሚነበቡት እናቱና እኅቱ በእጃቸው ስላቆዩአቸው ነው።

በዚያው ገበያ ዙሪያ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ ጋር የሚነግድ ሰው አሁን ውሉንና የጭነት ሰነዱን የሚለዋወጠው በኢ-ሜይል ነው። ቅጂው የት እንዳለ ሲጠየቅ «ጂሜይል ውስጥ አለ» ይላል። «አለ» ማለት ምን ማለት ነው? ደብዳቤው ያለው ባለቤቱ አይቶት በማያውቀው አገር፣ አንብቦት በማያውቀው ውል፣ በሌላ ሰው ዲስክ ላይ ነው። ይህን አደራ ብሎ የሚጠራ የአደራን ትርጉም ዘንግቷል። አደራ ተቀባይ ፊቱ ይታወቃል፤ ቢክድ ሽማግሌ ይላክበታል። ጉግል ግን እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን እንደሚሰርዝ አስታወቀ፤ ሥራውንም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ጀመረ። በስደት፣ በሕመም ወይም በእስር ሁለት ዓመት ማለፉ በዚህ ቀጣና ለማን እንግዳ ነው?

ሰርቨሩ ደኅና ቢሆን እንኳ መንገዱ ይዘጋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በቀይ ባሕር ወለል ላይ ገመዶች ተቆረጡ፤ ከእነዚህ አንዱ፣ ኤ.ኤ.ኢ-1፣ ጅቡቲን ራሷን የሚያገናኝ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ውሉን በራሱ ኮምፒዩተር ያስቀመጠ ነጋዴ ከፍቶ ያነባል፤ ሌላው የተዋዋለበትን ዋጋ እንኳ በቃሉ ማስታወስ ይኖርበታል።

ኮምፒዩተር ይሰረቃል፣ በጅቡቲ የሐምሌ ሙቀት ዲስክ ይበላሻል፣ ትልቅ ኩባንያ ግን ይሻላል የሚሉ አሉ። የፊተኛው እውነት ነው፤ መድኃኒቱም ሁለተኛ ቅጂ እንጂ ባዕድ ጎተራ አይደለም። የኋለኛውን ግን ጉግል ራሱ አፍርሶታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በሶፍትዌር ስሕተት የበርካታ ደንበኞች የጂሜይል ሣጥን ባዶ ሲሆን፣ መልእክቶቹን የመለሰው ከኔትወርክ ውጭ በማግኔት ቴፕ ካኖረው ቅጂ ነበር። ኩባንያው በሰርቨሮቹ ብቻ ካልተማመነ፣ ደንበኛው ለምን ይተማመናል?

ይበልጥ የሚያሳዝኑት የተጠነቀቁ የሚመስላቸው ናቸው። በስልክ ወይም በተንደርበርድ፣ በአይማፕ አማካይነት የሚታይ መልእክት የሰርቨሩ ጥላ ነው፤ እዚያ ሲሰረዝ እዚህም ይጠፋል። ደብዳቤው በእርግጥ የባለቤቱ የሚሆነው በፖፕ ሲወርድ፣ ወይም በተንደርበርድ «ሎካል ፎልደርስ» ወደሚባለው ክፍል ሲገለበጥ ነው። ከዚያ አንድ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ ቢቻል በሌላ ቤት ይቀመጣል። ፎቶግራፍ ካልበዛበት የብዙ ዓመት ደብዳቤ በአንዲት ፍላሽ ዲስክ ይገባል። ይህ ከሆነ በኋላ በሰርቨሩ ላይ ያለውን ማቆየትም ሆነ ማጥፋት የባለቤቱ ምርጫ ነው።