ልክሽን ከስልክ አትውሰጂ፦ ስለ ጡት ኢምፕላንት ለእህቶቼ



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ጀመዓ ፊት ብዙ አይወራም። ስለ ጡት ነው። ሐያእ የእምነታችን ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በሐያእ ስም ዝም በማለታችን እህቶቻችን በሽታቸውን እየደበቁ፣ ምክራቸውንም ከቲክቶክ እየወሰዱ ነው። ስለዚህ በአደብ እናውራው።

ከቤተሰቤ ልጀምር። አክስቴ የምትኖረው ጊምቢቹ ነው። አምስት ልጆች አጥብታ አሳድጋለች። ከአራት ዓመት በፊት ግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታክል እብጠት ዳሰሰች። ስላላመማት ተወችው። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ለእሱም አልነገረችውም። ለእኛ ስትነግረን ዓመት አልፎ ነበር፤ እብጠቱም እንቁላል አክሎ ነበር። መጀመሪያ ሆሳዕና፣ ከዚያ አዲስ አበባ ተባለ። ጡቷ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ኬሞ ወሰደች፤ የጨረር ሕክምናም ተከተለ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በሕይወት አለች።

ከዳነች በኋላ ግን መስጊድ መምጣት ተወች። ስንጠይቃት «ደከመኝ» ትላለች። አንድ ቀን ቡና እያፈላን ብቻችንን ስንሆን እውነቱን ነገረችኝ። ጡት መያዣዋ ውስጥ ጥጥ ትጠቀጥቃለች። ጥጥ ክብደት የለውም፤ ሱጁድ ስትወርድ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል። «ሰፍ ውስጥ ቆሜ የማስበው ስለ ጥጡ ሆነ፤ ሶላቴን አጣሁት» አለችኝ።

ይህን የሰማች፣ አረብ አገር ለዓመታት የሠራች የአጎቴ ልጅ «ኢምፕላንት ይደረግላት፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ» አለች። አላህ ኸይር ጀዛዋን ይክፈላት። ቀጥላ ግን የብዙ ሴቶች ፎቶ ላከችልን። «ካልቀረ ትልቁ ይሁን። እኔም አብሬያት አሠራለሁ፤ ቱርክ እንሄዳለን» አለች። እሷ ሁለቱም ጡቶቿ ጤነኛ ናቸው።

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ዓይነት ዕቃ። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው?

▪️ ዑለማዎች ምን ይላሉ?

ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫውን አጥቶ ነበር። ከብር ያሠራው አፍንጫ ሲሸትበት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠራ እንዳዘዙት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ወርቅ ለወንድ ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የጎደለ አካልን ለመተካት ሲሆን ግን ተፈቀደ። በሌላ በኩል ለውበት ብለው ጥርሳቸውን የሚያስፈለፍሉ ሴቶች መወገዛቸውም በሐዲስ ተዘግቧል።

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባካሄደው 18ኛ ጉባኤው በውበት ቀዶ ሕክምና ላይ ውሳኔ አሳልፏል። በበሽታ ምክንያት የተቆረጠን ጡት መልሶ መሥራትን ከተፈቀዱት ውስጥ በስም ጠቅሶታል። ሕክምና ያልሆነን፣ ጤነኛ አካልን ስሜትን ተከትሎ ሌሎችን ለመምሰል መቀየርን ደግሞ አልፈቀደም።

ስለዚህ አክስቴ በሯ ክፍት ነው። የአጎቴ ልጅ ግን ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት የምታምነው ዓሊም ዘንድ መቅረብ አለባት።

▪️ ልክ የሚመረጠው እንዴት ነው?

እኛ አገር ኢምፕላንት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው። የጡት ኢምፕላንት ሌላ ነገር ነው፦ ከላይ የሲሊኮን ከረጢት፣ ውስጡ የሲሊኮን ጄል ወይም የጨው ውሃ። በሲሊኮን የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሂውስተን ነው።

መጠኑ በሲሲ ይነገራል። 300 ሲሲ ማለት አንድ የጠርሙስ ለስላሳ የሚይዘው ያህል ነው። ክብደቱም ወደ 300 ግራም ይጠጋል። ችግሩ ብዙ ሴት «ስንት ሲሲ አስደረግሽ?» ብላ ከጓደኛዋ ቁጥር መዋሷ ነው። የአንዷ 300 በሌላዋ ደረት ላይ ሌላ ነገር ይሆናል።

ጥሩ ሐኪም የሚጀምረው ደረትሽን በመለካት ነው። የጡትሽ ግርጌ ከጎን እስከ ጎን ስንት ሴንቲሜትር ነው? ኢምፕላንቱ ከዚያ ስፋት ካለፈ ጠርዙ ወደ ብብት ይወጣል፣ ወይም ሁለቱ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ቆዳሽ ምን ያህል ይለጠጣል? ከቆዳው በታች ምን ያህል ሥጋ አለ? ቆዳው ስስ ከሆነ የኢምፕላንቱ ጠርዝና ሽብሽቡ ከላይ ይታያል። ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ከደረት ጡንቻ ሥር የሚቀመጠው።

ቀጥሎ «ፕሮፋይል» የሚሉት ይመጣል። ይህ ኢምፕላንቱ ወደ ፊት የሚወጣበት መጠን ነው። አንድ ጭብጥ የቆጮ ሊጥ አስቢ። ሰፋ አድርገሽ ከጋገርሽው ይሳሳል፤ ጠበብ ካደረግሽው ይወፍራል። ሊጡ ግን ያው ነው። ኢምፕላንትም እንዲሁ ነው፦ በአንድ ዓይነት ሲሲ ዝቅተኛ ፕሮፋይል ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ከፍተኛው ደግሞ ጠባብና ወደ ፊት የወጣ ይሆናል። የተፈጥሮ ጡት ከላይ ቁልቁል ይወርድና ከታች ይሞላል። ከላይ እንደ ኳስ የተነፋ የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ደረቱ ከሚችለው በላይ የተሞላው ነው። ደረቷ ሰፋ ላለ ሴት ዝቅተኛ ወይም መካከለኛው ፕሮፋይል ይበልጥ ይስማማታል። ደረቷ ለጠበበ ሴት ደግሞ ከፍ ያለው ሊያስፈልጋት ይችላል፤ መጠኑ ግን አነስ ማለት አለበት።

አንድ ጡት ብቻ ለሚሠራላት ሴት የተፈጥሮ መልክ ማለት የቀረውን ጡት መምሰል ነው። አምስት ልጅ ያጠባ ጡት ወርዷል። ኢምፕላንት ግን እንደ ሥጋ ከዕድሜ ጋር አይወርድም። አዲሱ ትልቅና ቀጥ ያለ ከሆነ ልዩነቱ በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል። «ትልቁ ይሁን» የሚለው ምክር ለአክስቴ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ጨረር የወሰደች ሴት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለባት። ጨረር ቆዳን ያጠነክራል፤ በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚፈጠረው ጠባሳ ተኮማትሮ ጡቱን ሊያደድርና ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከጀርባ ወይም ከሆድ በሚወሰድ የራሷ ሥጋ መሥራትን ያማክሯታል።

▪️ ከመፈረምሽ በፊት

ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም። በጊዜ ብዛት ሊቀደድ ወይም መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። የፈረንሳዩ ፒ.አይ.ፒ. ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲሞላ እ.ኤ.አ. በ2010 ተደርሶበት ምርቱ ታገደ፤ በብዙ አገሮች ያሉ ሴቶች ግን ቀድሞ ገብቶላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ገጹ ሻካራ የሆነውን ባዮሴል ምርቱን ከዓለም ገበያ ሰብስቧል። ምክንያቱ ከኢምፕላንቱ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ የማይከሰት የሊምፎማ ካንሰር ነበር። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሲሊኮን ኢምፕላንት ያላቸው ሴቶች ከ5 ወይም 6 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታዩ ይመክራል።

ስለዚህ እህቴ፣ እነዚህን ጠይቂ፦
🔹 የኩባንያው ስም ማን ነው? ገጹ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ?
🔹 ስሙ፣ መጠኑና መለያ ቁጥሩ ያለበትን ካርድ ትሰጡኛላችሁ? ካርዱን እንደ ፓስፖርትሽ ያዢው።
🔹 አገሬ ከገባሁ በኋላ ቢያብጥ ወይም ቢቀደድ ማን ያየኛል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ከባዱ ነው። ኢስታንቡል ለሳምንት ሄደሽ ተሠርተሽ ትመጫለሽ። ከስድስት ዓመት በኋላ አንዱ ጎን ሲያብጥ ያለሽው ጊምቢቹ ነው። የሠራሽ ሐኪም አያውቅሽም፤ እዚህ ያለው ሐኪም ምን እንደገባልሽ አያውቅም። አገራችንም መልሶ የመሥራት ቀዶ ሕክምና አለ፤ የካቲት 12 እና አለርት ሆስፒታሎች በዚህ ዘርፍ ይታወቃሉ። መጀመሪያ እዚሁ ያሉትን የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪሞች አማክሪ።

▪️ አክስቴ ምን መረጠች?

አዲስ አበባ ያየናት ሐኪም ሴት ነበረች። ደረቷን ለካች፤ ጨረር የነካውን ቆዳ ዳሰሰች። ኢምፕላንት ብቻውን እንደማይመከርላት፣ ከጀርባዋ ሥጋ ተወስዶ ሊሠራላት እንደሚችልና ከአንድ በላይ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችል በግልጽ ነገረቻት። አክስቴ አሰብ አደረገችና «ሌላ ቢላ አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ሰፍ ውስጥ ተረጋግቼ መቆም ነው» አለች።

ሐኪሟ ሦስተኛ መንገድ አሳየችን፦ ጡት መያዣ ውስጥ የሚለበስ የሲሊኮን ጡት። የአጎቴ ልጅ ካለችበት ገዝታ ላከች። የመጀመሪያው እሷ እንደወደደችው ትልቅ ነበር፤ የአክስቴን ትከሻ ወደ አንድ ጎን ጎተተው። ከዚያ ብልሃት ፈጠርን። ሩዝ በትንሽ ከረጢት ሞልተን ጡት መያዣው ውስጥ አደረግን። እየቀነስን፣ እየጨመርን፣ ቀጥ ብላ ስትቆም ሁለቱ ትከሻዎቿ እኩል እስኪሆኑ ሞከርን። ሩዙን ሱቅ ወስደን በሚዛን መዘንነው፤ ክብደቱን ለአጎቴ ልጅ ላክንላት። ሁለተኛው ልክ መጣ። ጊምቢቹ ገበያ ያለች ልብስ ሰፊ ጡት መያዣው ውስጥ ኪስ ሰፋችለት። ሱጁድ ስትወርድ አይንቀሳቀስም። አክስቴ ወደ ሰፏ ተመለሰች።

የአጎቴ ልጅስ? ሩዙን ስንመዝን በቪዲዮ እያየችን ነበር። «ለራሴ ግን ማን ነው የሚለካልኝ?» ብላ ዝም አለች። የቱርኩን ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሳችም። ቀጠሮ ይዛም ከሆነ አላውቅም፤ ዱዓ አደርግላታለሁ።

▪️ የኔ አስተያየት

ጡቷን ያጣች እህት መልሳ ብታሠራ ማንም በክፉ ዓይን ሊያያት አይገባም። ባታሠራም እንዲሁ። ካሠራች ግን ልኩ ከራሷ አካል ይወሰድ፤ ከተዋናይ ፎቶ፣ ከጓደኛ ቁጥር ወይም ከባል ምኞት አይወሰድ። ጤነኛ ጡት ያላት እህት ደግሞ በጅልባቧ ሥር ያለውን ማን አይቶ እንዳሳነሰባት ራሷን ትጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ ስልኳ ውስጥ ነው።

ወንድሞቼ ሆይ፣ በተለይ በስደት ያላችሁ! ሚስቶቻችሁ ስትደውሉ ስለ ልጆቹና ስለ ቤቱ ይነግሯችኋል። ስለ ጤናቸውም ጠይቋቸው። አክስቴ እብጠቱን ለዓመት የደበቀችው «እዚያ ሆኖ እንዳይጨነቅ» ብላ ነው።

እህቶቼ፣ የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው። እብጠቱ ባያምም ተመርመሪ። ሆሳዕና ላይ በሐዲያዋ ንግሥት በእሌኒ መሐመድ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አለን። ከጊምቢቹ እዚያ ደርሶ መምጣት የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። አክስቴ ያን ቀን በሽምብራው ጊዜ ብታገኘው ኖሮ ምናልባት ስለ ሲሊኮን ባላወራን ነበር።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለደበቁት ድፍረቱን ይስጥ። አሚን። ለእናትሽ፣ ለእህትሽ፣ ለጎረቤትሽ አድርሺው።

ወላሁ አዕለም።