ለዘንዶው 20 ዶላር፣ ለደራሲው ምንም

አርብ ማታ ዶርም ውስጥ አምስት ሆነን ጠረጴዛ እንከባለን። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን ጠንቋይ፣ ወታደር፣ ሌባ ሆነን እንገባበታለን። የሚያጋጥመንን ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወስናል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ተጫውታችሁ ባታውቁ እንኳ በየዓመቱ ሌበር ዴይ ሲደርስ ለድራገን ኮን ብሎ ዳውንታውን አትላንታን የሚሞላውን ባለ ጦርና ባለ ክንፍ ሕዝብ ሳታዩ አትቀሩም። የዚያ ዓለም ጨዋታ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር የፓዝፋይንደርን የጨዋታ መመሪያ በፒዲኤፍ ገዛሁ። ወደ 20 ዶላር ነው። የምይዘው ወረቀት፣ መደርደሪያ ላይ የማስቀምጠው ሽፋን የለውም፤ ግን ሳላቅማማ ከፈልኩ። በዚያው ሳምንት ለማኅበራችን የንባብ ምሽት የተመረጠውን የአማርኛ ልብ ወለድ ከቴሌግራም በነጻ አወረድኩ። ደራሲው በሕይወት አለ፣ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ፋይሉን ለቀሩት አሥራ አንድ አንባቢዎች ያስተላለፍኩትም እኔው ነኝ።

ቅጂው በስልክ የተነሳ ነበር። አንድ ገጽ ላይ የአንሺው አውራ ጣት አብሮ ወጥቷል። መሃል ላይ ደግሞ ሁለት ገጽ የለም። ባልና ሚስቱ ለምን እንደተጣሉ የሚነገረው እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ምሽቱን ግማሽ ያህል ምክንያቱን ስንገምት አመሸን። ስቀናል፣ ግን ሰውየው ዓመታት የደከመበትን ሥራ ጎዶሎ አድርገን ነው ያነበብነው።

ይህን ለጓደኞቼ ሳነሳ መልሱ አንድ ነው፦ «አንተ ደግሞ! የት ሄደን እንግዛው?» ግማሹ እውነት ነው። አማዞን ለኪንድል ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይሠራ ደራሲው የራሱን ድረ ገጽ ቢከፍት እንኳ ከእኛ ካርድ በቀላሉ ገንዘብ መቀበል አይችልም። በዚያ ላይ የፊደሉ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በአሮጌ ሶፍትዌር የተተየበ ብዙ መጽሐፍ አለ። ያንን ጽሑፍ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስታዛውሩት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆንባችኋል። በድምፅ በኩል ተራኪ የተባለው መተግበሪያ መጽሐፍ እየሸጠ ነው፤ ለዓይን ግን እስካሁን የረባ ሱቅ አላየሁም።

ሌላው ግማሽ የአሳታሚዎቹ ፍርሃት ነው። «ፒዲኤፍ ከሸጥን አለቀልን» ይላሉ። የጨዋታ መጻሕፍቱ ገበያ ይህን አይቶታል። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በሚያዝያ 2009 እ.ኤ.አ. ስርቆት በዛ ብሎ ፒዲኤፎቹን በሙሉ ከገበያ አነሳ። ሌቦቹ የተነሳላቸውን አልጠበቁም፤ ወረቀቱን ስካን ማድረግ ይችላሉ። መግቢያ ያጣው ከፍሎ መግዛት የፈለገው ሰው ብቻ ነበር። በጥር 2013 ኩባንያው ተመልሶ መሸጥ ጀመረ።

ድራይቭስሩ አርፒጂ የተባለው የጨዋታ መጻሕፍት የኢንተርኔት ሱቅ ደግሞ ፋይሉን በቁልፍ ከመጠርነፍ ይልቅ የገዢውን ስም ገጹ ግርጌ ላይ ያትማል። የፈለጋችሁት ስልክ ላይ ትከፍቱታላችሁ፣ ግን የራሳችሁ ስም ያለበትን ፋይል ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ለመጣል እጅ ይከብዳል። ከሽያጩ 65 ወይም 70 በመቶው ለአሳታሚው ይሄዳል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የተወሰኑ አሳታሚዎች መጽሐፉን ከሰፈር ሱቅ በወረቀት ለገዛ ሰው ፒዲኤፉን በነጻ ይሰጣሉ። ይህኛው ክላርክስተን ላሉት የሐበሻ ሱቆች የተፈጠረ ይመስለኛል። ከበርበሬውና ከዕጣኑ አጠገብ አቧራ የለበሱትን መጻሕፍት አስቧቸው።

ደብረ ታቦር ወይም ጎባ ያለ ተማሪ መጽሐፍ መሸጫ ሳይኖረው፣ ኪሱም ሳይፈቅድለት በቴሌግራም ቢያነብ እኔ አልፈርድበትም። የእኛ ግን ይለያል። ለአንድ ማኪያቶ የምንከፍለውን፣ ለአስተናጋጁ ጉርሻ የምንጥለውን እናውቃለን።

«የድሮ መጽሐፍ የሁሉም ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በየስልካችን የተጫነው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነጻ ለመሆን ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል።

ሱቁ እስኪከፈት መጠበቅ የለብንም። ለሚቀጥለው የንባብ ምሽት መጽሐፉ ሲመረጥ ማኅበሩ በቀጥታ ለደራሲው ይጻፍለት፤ ንጹሕ ፋይል ይጠይቀው፣ በአንባቢ ቁጥር ይክፈለው። ስማችንን በየገጹ ግርጌ ማተም ለአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ደግሞ እሱ ሞልቶናል። ገንዘቡን ለቤተሰብ በምንልክበት መንገድ እንልከዋለን። ደራሲው «ፒዲኤፍ አልሰጥም» ካለ የወረቀቱን ቅጂ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ እናስመጣ። እሱም ካልሆነ ሌላ መጽሐፍ እንምረጥ።

ላለፈው መጽሐፍ በነፍስ ወከፍ 8 ዶላር ብናስብ የ12 ሰው ሒሳብ 96 ይሆናል። የእኔን 8 ለገንዘብ ያዣችን ሰጥቻለሁ። የሚቀረው 88 ነው።